እህቴ ላይ የቆመው ሥራ

አዲሱ መንግሥት ሥራ ለአገር ልጅ ይሁን ብሎ ከሰፈራችን በላይ፣ እንጦጦ ተዳፋት ላይ፣ የችግኝ ጣቢያ ከፈተ። ቀበሌያችንም ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው እንዲቀጠር ወሰነ። ከኛ ቤት እህቴ ገባች። እኔ አልገባሁም። አሁን እንዲህ በአጭሩ ስጽፈው ቀላል ይመስላል፤ ያኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ አልቅሼበታለሁ።

"ታላቅ እያለች ታናሽ አትቀድምም" አለች እናቴ። በዚሁ ተዘጋ።

እህቴ ካኪ ቱታ ተሰጣት። ቱታውስ ይቅር፣ አረንጓዴ ቦት ጫማ ተሰጣት! የሰፈራችንን የየካን የክረምት ጭቃ የሚያውቅ ሰው በቅናቴ አይፈርድብኝም። ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን አጥባ በር ላይ ትገትረዋለች፤ እኔ እንደ ተከበረ እንግዳ ዞሬው አልፋለሁ።

የባሰው ግን ሌላ ነው። ቀድሞ ጭራሮ ለቀማ ወደ ተራራው የምንወጣው ሁለታችን ነበርን። ሸክም በራሱ ጀርባ ላይ አይወጣም፣ አሸካሚ ይፈልጋል። እሷ እኔን ታሸክመኛለች፤ የራሷን ደግሞ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ አስደግፋ ትነሣለች። ብቻዬን በወጣሁበት ቀን እንደሷ ድንጋይ ላይ አስደግፌ ተነሣሁ፤ ቁልቁለቱ መሐል ሲደክመኝ ግን እንደ ልማዴ ሸክሜን መሬት ላይ አወረድኩት። ማን ያንሣልኝ? ገመዱን ትከሻዬ ላይ አጥልቄ ብታገል፣ ብታገል፣ እንደ ተገለበጠ ኤሊ ቀረሁ። ማርያምን ተሳልመው የሚወርዱ አንድ አዛውንት ደረሱልኝ።

"አሸካሚሽ የት ሄደች፣ ልጄ?"

"መንግሥት ወሰዳት።"

ክው ብለው አማተቡ።

"ኧረ ሥራ ሰጥቷት ነው፣ አባባ!"

"አንቺ! ልቤን አቆምሽው እኮ!" አሉና እየሳቁ አሸከሙኝ።

እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ሕዝቡ አዲሱን የሥራ ፖሊሲ ይገምግም አሉ። የተነሣው ሁሉ አመስግኖ ተቀመጠ። እኔም እጄን አወጣሁ። እናቴ ቀሚሴን ጎተተች፤ ተነሣሁ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ፖሊሲው ጥሩ ነው። ችግሩ እህቴ ላይ መቆሙ ነው። ለሷ ሥራ ሲሰጥ የኔን ሸክም አከበደው። ወይ ከአንድ ቤት ሁለት ሰው ይቀጠር፣ ወይ ለኔ አሸካሚ ይመደብልኝ!"

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

"እሷ እቴ! ጫማውን ፈልጋ ነው!" አለች ጎረቤታችን ከኋላ። እንዴት እንዳወቀችብኝ!

ሊቀመንበሩም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ "ሁለተኛ ሰው አይቀጠርም። የአሸካሚውን ነገር ግን ከእህትሽ ጋር ጨርሱ" አሉ።

በማግስቱ ጭራሮዬን አስሬ ስነሣ፣ ማለቴ መነሣት ሲያቅተኝ፣ እህቴ ከሥራ ወጥታ ከጣቢያው አጥር በኩል መጣች።

"አዙሪ ጀርባሽን፣ አንቺ ቀናተኛ!"

ግማሹን ለራሷ አሰረች፣ የቀረውን አሸከመችኝ። ከዚያ ከፊቴ ጭቃውን እየረገጠች፣ ደረቱን እንደ ነፋ ወታደር ቀጥ ብላ ወረደች። እኔ ከኋላዋ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ዘለልኩ። ጀርባዬ ቀለለው። ዓይኔ ግን ከነዚያ አረንጓዴ ጫማዎች ላይ እስከ ቤት ድረስ አልተነሣም።