ያልተገለበጠው ካሴት

አጎቴ ሽመናቸው ላይ ሲቀመጡ የሚሰሙት አንድ ካሴት ብቻ ነበር፤ ሮክን ከትዝታ ቅኝት ጋር የቀላቀለ የአንድ ዘፋኝ ሥራ። ልጃቸው ከአዲሱ ገበያ ገዝቶት፣ ገና አንዱን ገጽ እንደሰማ ለብሔራዊ ውትድርና ታፈሰ።

"ጋሼ፣ ኧረ ይገልብጡት" ስላቸው መወርወሪያቸውን ያቆማሉ።

"ተዪው! ያኛውን ገጽ እሱ ሲመጣ አብረን እንሰማዋለን።"

መርዶው ከመጣ በኋላም አልገለበጡትም። ክሩ እስኪላላ፣ ዘፋኙ እንደ በሽተኛ እስኪያቃስት ድረስ ያንኑ ገጽ ሰሙ።

በሰልስታቸው ማግስት ጉለሌ ያለው ቤታቸው ገባሁ። እግራቸውን የሚሰዱበት የሽመና ጉድጓድ ባዶውን ቀርቷል። ካሴቱን ገለበጥኩት። ያልተነካው ገጽም ያቃስታል። ለካ የሁለቱም ገጽ ክር አንድ ነው! ዕድሜ ልካቸውን ክር ሲቀጥሉ የኖሩት አጎቴ፣ ለልጃቸው ያቆዩለትን በገዛ እጃቸው ሲጨርሱት ኖረዋል።

እንኳንም ሳያውቁ ሄዱ።