ጠመኔውን የወሰደችው ልጅ

ታላቅ እህቴ እስከ ቀትር መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ለተለቀቁ ጎረምሶችና ኮረዶች ሒሳብ ታስተምራለች። ሁልጊዜ ሰሌዳው ላይ ሆን ብላ አንድ ስህተት ትደብቃለች፤ ያገኘው ጠመኔውን ይረከባል። እኔማ «ልጅ ማሳሳትም ሥራ ሆነ?» እያልኩ አበሽቃታለሁ።

ትናንት ልወስዳት ሄጄ የምታስተምርበት ክፍል በር ላይ ቆምኩ። ዓመቱን ሙሉ ትንፍሽ ብላ የማታውቅ ልጅ ከኋላ ወንበር ተነሳች።

«ቲቸር፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው።»

እህቴ ሰሌዳውን ትኩር ብላ አየችው። ደጋግማ አየችው። ከዚያ ጠመኔውን በሁለት እጇ ሰጠቻት።

መንገድ ላይ የቤታችንን መታጠፊያ ሳታየው አለፈች።

«ምን ሆንሽ፣ እታለም?»

«እኔ የደበቅኩት አምስተኛው ላይ ነበር። ሦስተኛውንማ ሳላውቀው አራት ዓመት ሙሉ ተሳስቼ ሳስተምር ኖሬያለሁ።»