በእህቴ ቆብ የተነሣሁት ፎቶ

እህቴ ወንዛዬ ፍል ውሃ ላይ የጠፋችብኝ ማክሰኞ ቀን ነው። እኔ አንድ ቦታ ተቀምጬ አልውልም፤ አንዱ ልጄ ዘንድ ከርሜ ወደ ሌላው እሄዳለሁ፣ እዚህ ጠበል አለ ሲሉኝ እነሣለሁ። እሷንም ጉልበቷን ስለሚያማት ፍል ውሃው ይሻላታል ብዬ ይዣት ወርጄ ነበር። ታላቄ ናት። ከመነኮሰች ወዲህ ሰው ሁሉ እማሆይ እያለ አንቱ ይላታል፤ እኔ ግን አንድ ጀርባ ላይ ታዝለን ያደግን ነንና አንቺ ነው የምላት። ትምህርት ቤት ደጁን አልረገጥኩም፤ ፊደሉን መሬት ላይ በእንጨት እየጫረች ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። አሁን አሁን መርሳት ጀምሯታል። የበላችውን ትረሳለች፣ የመጣችበትን መንገድ ትረሳለች። ዳዊቷን ግን አትረሳም።

ታጥቤ ስወጣ መቋሚያዋ ድንጋዩን ተደግፎ ቆሟል፤ እሷ የለችም።

እስኪመሽ ተጣራሁ። የጉማራን ወንዝ ዳር ዳሩን ሄድኩ። ውሃው ላይ ነጭ ነገር ባየሁ ቁጥር ነጠላዋ መስሎኝ እሮጣለሁ፤ ቀርቤ ሳየው አረፋ ነው። በማግስቱ ረፋድ ላይ አብሮኝ ሲፈልግ ያደረው ፖሊስ፣ «እናቴ፣ ፎቶ ካለዎት ያምጡ። ነገ የሐሙሲት ገበያ ነው፤ ያገሩ ሰው ሁሉ ይወጣል» አለኝ።

ፎቶ ደግሞ የላትም። በስልክ ሊያነሣት የመጣውን ሁሉ፣ «ስመነኩስ ግንዘት ተደግሞልኛል፤ የሞተ ሰው ፎቶ አይነሣም» እያለች በነጠላዋ ተሸፍና ትመልሰዋለች። ያለችው አንዲት የሠርግ ፎቶ ናት፣ የበኩር ልጄን የዳርኩ ዕለት የተነሣነው። ፎቶዋም ደብረ ታቦር ፎቶ ቤት ያላት የልጅ ልጄ ዘንድ ተሰቅላለች። በሚኒባስ ተሳፍሬ እዚያው ገባሁ።

ልጅቱ ፎቶውን ከግድግዳ አውርዳ አየችው። እህቴ ከኋላ ቆማለች፣ ሹሩባ ተሠርታ፣ ፊቷ የባቄላ ፍሬ ያህላል።

«እምዬ፣ በዚህ ማን ያውቃቸዋል? ፊታቸውን ቆርጬ ላሳድገው፣ ትንሽ ላስረጀውና ቆብ ላድርግላቸው።»

«ቆቡን ከየት ታመጪያለሽ?»

«ተለዋጭ ቆባቸው ጓዝዎ ውስጥ አለ አላሉኝም? እርስዎ ያድርጉትና ላንሣዎት። ከዚያ ቆቡን ብቻ ቆርጬ እወስዳለሁ።»

ደነገጥኩ። ቆብ እንደ ሻሽ የሚሞከር ነገር አይደለም። ከዓለም ተለይተው፣ ቃል ገብተው ነው የሚጭኑት። እኔ ሠርግ ሲጠሩኝ እስካሁን ቀድሜ የምገኝ ሰው ነኝ።

«የነፍስ አባቴን ልጠይቅ፤» አልኳት።

«ይመሽብናል፣ እምዬ።»

አማትቤ አጠለቅሁት። የጧፍ ጠረን አለው፣ የእሷ ጠረን። ዓይኔን ጨፍኜ ማረኝ ስል ካሜራው ብልጭ አለ። «ዓይንዎን ይግለጡ እንጂ» ብላ ደግማ አነሣችኝና ቶሎ ብዬ አወለቅሁት።

ያ ኮምፒውተር ልጅቱ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ያመጣችው ነው። ጉልበቱን ስታወራ ስለ በሬ የምታወራ ይመስለኛል። ፎቶ የምታሳምርበትን ፕሮግራም ከፈተችና እህቴ ከሠርገኛው መሐል እያደገች፣ እያደገች መጣች። ልጅቱ ሹሩባውን መጥረግ ያዘች። ካንደኛው ጆሮ በላይ ያለው ፀጉር እንደጠፋ ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። አንዲት ትንሽ ቀለበት ትዞራለች፣ ትዞራለች። ከዚያ የእህቴ ፊት ነጣ። ጉና ላይ ጉም ሲወርድ እንደሚሆነው፣ መጀመሪያ አፏ፣ ቀጥሎ ዓይኗ ጭጋግ ውስጥ ገባ። ወዲያው ጭራሽ የለችም።

«ምን ሆነች?» አልኩ።

«ምንም አልሆኑም። ፕሮግራሙ ነው የተዘጋ።»

ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው። ሌላ የተከፈተውን ሁሉ ዘጋጋች። የእህቴ ፊት ደግሞ መጣ፣ ደግሞ ነጣ፣ ደግሞ ጠፋ። ሳጥኑ ዳገት እንደወጣ በቅሎ ይተነፍሳል። ልጅቱ ጥርሷን ነክሳ ዩኒቨርሲቲ ለሚያስተምር ወዳጇ ደወለች፣ ከሌላ አገር የመጣ የኮምፒውተር መምህር ነው። ድምፁን ለሁለታችንም ከፈተችው።

«ያንቺ ኮምፒውተር እኮ ከኛ ቢሮ ሁሉ ይበልጣል፤ ምን አድርገሽው ነው?» አላት።

«ስለሚበልጥ ነዋ የሚንቀኝ።»

ፕሮግራሙ ምስል የሚያቀናብረውን ግራፊክስ ካርድ እንዳይጠቀም አድርጊው አላት፤ አደረገች። ትንሽ ተሻለው። ሹሩባውን ጠርጋ ጨረሰች። ቆቡን አምጥታ የእህቴ ግንባር ላይ ልታሳርፍ ስትል ያ ፊት እንደገና ነጣ።

«ባዶ ቦታ ስንት አለው?» አለ መምህሩ።

ልጅቱ ፈልጋ አየች። «መለኪያው ሞልቶ ቀይ ሆኗል፤» አለች።

«እንግዲያውስ እሱ ነው። ጉልበት ብቻውን አይበቃውም፤ ሥራውን የሚዘረጋበት ቦታ ይፈልጋል። ምን ሞልተሽበት ነው?»

«የሰው ሠርግ ነው። የሰው ሠርግ እንዴት አጠፋለሁ?»

«ማን አጥፊ አለሽ? ወደ ሌላ ማከማቻ አዛውሪው።»

«ያን ሁሉ ቪዲዮ? እስከ ነገ ረፋድም አይጨርስ።»

ይህ እኔም ገባኝ። በሬው ብርቱ ነው፤ አውድማው ግን በነዶ ስለ ሞላ የሚዞርበት የለውም። ነገር ግን ሚኒባሱ ጎሕ ሲቀድ ይነሣል፣ ገበያውም እኛን አይጠብቅም። ልጅቱ ሠርጎቹን ማዛወር ጀመረችና፣ ተስፋ አልቆርጥ ብላ ፎቶውን ደግሞ ልትከፍት ስትል እጇን ያዝኩት።

«ተይው ልጄ። አትክፈቻት።»

እኔን የያዘኝ ሌላ ፍርሃት ነው። ያ ፊት በነጣ ቁጥር እህቴ እዚያ ወንዝ ዳር አንድ ነገር የምትሆን እየመሰለኝ ነበር። ፎቶ አልነሣም ያለችውን ሴት በግድ ከሠርግ መሐል ጎትተን፣ ፀጉሯን ላጭተን፣ እኛው የገነዝናት መሰለኝ።

ልጅቱ ካሜራውን አነሣችና በትንሿ መስኮት ያነሣችኝን አየች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየች።

«እምዬ፣ ይቺ እኮ እሳቸው ናቸው፤» አለች ቀስ ብላ።

«እኔ ነኝ እንጂ።»

«ለሐሙሲት ሰው እሳቸው ናቸው። ይቺን ለማተም ደግሞ ያ ፕሮግራም አያስፈልገኝም።»

ወረቀቱ ከማተሚያው እየተከታተለ ወጣ። ልጅቱ ከላይ በወፍራም እስክሪብቶ «ጠፍተዋል፤ ያየ ይንገረን» እያለች ጻፈችበት። ሁሉም ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ቆብ ደፍቼ፣ ዓይኔን አፍጥጬ። የራሴን መርዶ የማነብ መሰለኝ።

ሐሙስ ገበያው ሞልቶ ደረስን። በእህል ተራው፣ በበግ ተራው ወረቀቱን እያሳየን ዞርን። አንድ የፕላስቲክ ጫማ ነጋዴ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ።

«እማማ፣ ራስዎን ነው እንዴ የሚፈልጉ? ተገኝቻለሁ በሏቸዋ።»

ዙሪያው ያለው ሰው ሳቀ። ልጅቱ እህታቸው ናቸው፣ ይመሳሰላሉ እያለች ታስረዳለች። ፀሐዩ ከረረ። አየሁ የሚል ጠፋ። ሰው ራሱን በነቀነቀ ቁጥር ያ ነጭ አረፋ ዓይኔ ላይ ይመጣል።

የሽንኩርት ተራው ዘንድ አንዲት ሴት ሸክሟን ጥላ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«እማሆይ፣ በምን ቀድመውኝ መጡ? አሁን እሳት ዳር አስቀምጬዎት አልመጣሁም? ቆብዎንስ የት ጣሉት?»

ወረቀቱን አላየችውም። ያየችው እኔን ነው። ክንዷን ያዝኩት። ልጅቱ ናት፣ «የት ነው ያስቀመጧቸው?» ያለች። ሴትዮዋ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አይታ አማተበች። ማክሰኞ ሲመሻሽ ከሽምብራ ማሳዋ ዳር እህቴን ዳዊት እየደገመች ቆማ እንዳገኘቻት፣ አገሬ ጉና ነው ከማለት በቀር ሌላ ስለማትናገር ለገበያው ፖሊስ ልነግር ብላ እንደመጣች በመንገድ ላይ ነገረችን።

ቤቷ ስንደርስ እህቴ የሰው ጋቢ ለብሳ ባቄላ ትፈለፍላለች። መቋሚያዋን ስሰጣት ተቀበለችኝ፤ ወረቀቱንም ከእጄ ወሰደችና ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ገበያው ሁሉ ያልለየውን እሷ ለየችው።

«ይቺ እህቴ ናት፤» አለች። «መቼ መነኮሰች?»

«አልመነኮስኩም፤ ለፎቶው ብዬ ነው።»

«ቆብ ለፎቶ አይጫንም።»

«ጠፍተሽብኝ እኮ ነው።»

«እኔ የት ሄጄ?» አለችና ወደ ባቄላዋ ተመለሰች።

ስንመለስ ልጅቱ ከሚኒባሱ ፊት ተቀምጣ ሠርጎቹ እስካሁን ተዛውረው አልቀው ይሆናል እያለች ከመምህሩ ጋር በስልክ ታወራለች። እኔ የነጠላዬን ጫፍ ከእህቴ ነጠላ ጫፍ ጋር ቋጠርኩት። ወረታን እንዳለፍን እንቅልፍ ወሰዳት። በመስኮት የገባው ብርሃን ፊቷ ላይ ሲያርፍ የነጣች መሰለኝና ነካኋት።

«ምነው?» አለች።

«ምንም።»

ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ነካኋት።