ላባ በአፉ የተገኘው ውሻ

የመጀመሪያዋን ዶሮ ሞታ ባገኘኋት ጠዋት ልጆቼ እንዳያዩዋት ስቸኩል እኔም በደንብ ሳላያት ቀረሁ። አንገቷ ላይ ደም ነበር። ፊቴን አዙሬ፣ እጄን በፌስታል ሸፍኜ አነሳኋትና ቋጠርኳት። አውሬ የገደለው በክት ነው፤ አይበላም። ግቢያችን ድንጋያማ ስለሆነ ለመቅበር አይመችም፤ ቆሻሻ የሚወስዱት ልጆች ደግሞ የሚመጡት በሳምንት አንድ ቀን ነው። እስከዚያ ቢሸት፣ ዝንብ ቢሰበስብ፣ ትንሿ ልጄ ብትነካውስ ብዬ ፈራሁ። ከኋላ ባለው የቆርቆሮ አጥር አሻግሬ ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ቦይ ወረወርኩት። ጥንቃቄ ያደረግሁ መስሎኝ ነበር።

የምንኖረው አዳማ ዳር፣ ቤቶቹ አልቀው እሾሃማው ኮረብታ የሚጀምርበት ሰፈር ነው። ስድስት ቄቦች ነበሩኝ፤ ገና እንቁላል መጣል መጀመራቸው ነበር። ባለቤቴ ባጃጅ ስለሚነዳ ቀን ቀን ቤት አይውልም፤ ዶሮዎቹን የማየው እኔ ነኝ። ሲመሽ የዶሮ ቤቱን በር ደጋግሜ ስነቀንቅ እያየ፣ "ባንክ ነው እንዴ?" ይለኛል።

በአራተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሁለተኛዋ ሞተች። እሷንም እንደዚያው አደረግኋት። ረፋድ ላይ ልብስ ላሰጣ ስወጣ የጎረቤታችን ውሻ ከቦዩ ውስጥ ብቅ አለ። አፉ ዙሪያ ላባ ተጣብቆበታል። ጮህኩ። ጩኸቴን የሰማ ሁሉ ከቤቱ ወጣ።

የውሻው ባለቤት እማማ የምላቸው፣ አጥር የምንጋራቸው አሮጊት ናቸው። ልጆቻቸው አንዷ ሻሸመኔ፣ አንዱ መልካሳ ሄደው ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ በራቸውን የሚጠብቅላቸው ይሄው ውሻ ነው። ላባውን በዓይናቸው አዩት። እኔ ምንም ሳልላቸው ራሳቸው ፈረዱ።

"ዶሮ የቀመሰ ውሻ አይተውም፣ ኢንታላ ኮ" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። "ዛሬ ያንቺን፣ ነገ የሌላውን። ከሰው ከሚያጣላኝ ይቅርብኝ።"

"ኧረ እማማ፣ ቢያስሩትስ?"

"እስከ መቼ? ታስሮ የሚኖር ውሻ ምኑን ይጠብቀኛል?"

በራቸው አጠገብ በሰንሰለት አሰሩት። ቆቃ ለሚሠራው የወንድማቸው ልጅ ደወሉና ቅዳሜ መጥቶ ውሻውን እንዲገድልላቸው ነገሩት። እኔ ልብሴን ወደ ማስጣቱ ተመለስኩ። እውነቱን ለመናገር ቀለል አለኝ። ዶሮ የገደለ ነገ ልጅ ቢነክስስ ማለት ጀምሬ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሦስተኛዋን ሞታ አገኘኋት። በአጥሩ ላይ አንገቴን አስግጌ አየሁ። ውሻው እንደታሰረ ተኝቷል።

"ሰንሰለቱን ፈትቶ መጥቶ፣ ገድሎ፣ ተመልሶ ራሱን አሰረ በይኛ" አለ ባለቤቴ ባጃጁን እየወለወለ።

ሳቅ አልመጣልኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብዬ የሞተችውን ዶሮ አየኋት። ጭንቅላቷ ተበልቷል። ማጅራቷ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል የጥርስ ምልክት አለ። ሌላው ሰውነቷ አልተነካም። ውሻ ቢሆን ይዘነጥላት ነበር። በሩን አየሁ፤ ከሥሩ ጡጫዬን የሚያሳልፍ ክፍተት አለ። በየምሽቱ ስነቀንቀው ቁልፉን እንጂ ሥሩን አይቼ አላውቅም። የውሻው ጭንቅላት በዚያ አይገባም።

ዞሬ ወደ ቦዩ ወረድኩ። ሁለቱ ፌስታሎች ተቀዳደው፣ ላባው ተበትኖ አገኘሁት። ላባውን አፉ ላይ ያደረግሁለት እኔው ነኝ። ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ ሰፈሩ ስለሚጾም የትም አጥንት አይጣልም፤ ውሾች ሁሉ የሚከሱበት ወቅት ነው። የተራበ ውሻ ባጥር የወረደለትን ሥጋ ምን ያድርገው?

ወዲያው ሄጄ መናገር ነበረብኝ። ግን ያ ሁሉ ሰው ሲሰማ ጮኼ፣ አሁን ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ከበደኝ። መጀመሪያ ገዳዩን ልወቅ አልኩ። ሦስተኛዋን ዶሮ አልወረወርኳትም፤ ዲጂኖ ተውሼ ድንጋዩን ፈንቅዬ ቀበርኳት።

የአውሬ ኮቴ ለማየት አመድ እንደሚነሰነስ ከእናቴ ሰምቻለሁ። የአዳማ ነፋስ ግን አመድ አያስቀምጥም፤ ነስንሼ ሳልጨርስ ጠርጎ ወሰደው። ስለዚህ አፈር ነፍቼ በውሃ አራስኩና፣ በበሩ ዙሪያ እንደ ምርጊት እስኪለሰልስ በእጄ ዳበስኩት። የቀሩትን ሦስት ዶሮዎች በካርቶን አድርጌ ወጥ ቤት አሳደርኳቸው።

ዓርብ ጠዋት ጭቃው ላይ ኮቴ ነበር። ከድመት ኮቴ የማይበልጥ፣ ባዶውን ቤት ሁለት ጊዜ የዞረ። በክፍተቱ ገብቶም ወጥቷል፤ ውስጡ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ትቷል። እማማን ጠራኋቸው።

ከዘራቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ። "ሸለምጥማጥ ናት" አሉ ወዲያው። "የት አባቷ! ስንት ዶሮ ጨርሳብናለች ልጅ ሆነን። ቀን ኮረብታው ላይ ተኝታ ትውላለች፣ ሲመሽ ትወርዳለች። ጭንቅላት ነው የምትወደው።" ፊታቸው በራ፤ ግን ብዙም አልቆየ። "ላባውስ? ውሻዬ ላባውን ከየት አመጣው? አብሯት ይበላል ማለት ነው?"

እዚህ ላይ ዝም ብል ውሻው ይሞታል።

"እኔ ነኝ እማማ" አልኳቸው። "የሞቱትን ቦይ ውስጥ የጣልኩት እኔ ነኝ። እሱ ያገኘውን በላ እንጂ አልገደለም። ትናንት ነው የገባኝ። ትናንትም ፈርቼ አልነገርኩዎትም።"

ቀና ብዬ ላያቸው አልደፈርኩም። ከዚያ ቀና ስል ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ታየኝ፤ እየሳቁ ነው።

"እኔ በጾም ሽሮ አበላዋለሁ፣ አንቺ በአጥር ዶሮ ትወረውሪለታለሽ! ሁዳዴን አስገደፍሽው በይኛ!"

ሳቃቸው ሲያበቃ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። "እኔም እኮ ሳላጣራ ነው የፈረድኩበት" አሉ ቀስ ብለው። ስልካቸውን አውጥተው ሰጡኝ። "ለወንድሜ ልጅ ደውይለት። እንዳይመጣ አንቺው ንገሪው።"

ለማላውቀው ሰው ጥፋቴን ከሀ እስከ ፐ ተናገርኩ። ሰውየው ትንፋሹን ሲለቅ ተሰማኝ።

"እግዜር ይስጥሽ እህቴ" አለኝ። "ቡችላ ሳለ ያመጣሁላቸው እኔ ነኝ። ከማክሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።"

ሰንሰለቱንም እንድፈታው አደረጉኝ። ፈታሁት። ውሻው ገላውን አራገፈና አጠገቤ ቆመ።

ቅዳሜ ባለቤቴ ሥራ ሳይወጣ የዶሮ ቤቱን አበጀነው። ከበሩ ሥር ድንጋይ ደርድረን ቀበርን፤ ክፍተቱን ሁሉ ጣት በማያሳልፍ ሽቦ መታነው። ውሻው መጥቶ ከዶሮ ቤቱ ጥላ ሥር ተጋደመ፤ መዶሻው በጮኸ ቁጥር አንድ ጆሮውን ያነሳል። ስንጨርስ ተነስቶ ወደ ቦዩ ወረደ። እዚያም እዚያም ሲያሸት ቆየና ምንም ሲያጣ ወደ እማማ ቤት ተመለሰ።