ሰማንያ ያልሞላት እኅቴ

እኅቴ የተቀበረችው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ነው። መንታ ወንድሟ ግን ቀኑ ሲደርስ ከአጥሩ ውስጥ ቦታ አለው። በአንድ ማሕፀን የከረሙ፣ በአንድ ቀን የተወለዱ ሁለት ልጆች በአጥር ተለዩ። እኔ ይህን ግፍ እለዋለሁ። «ሥርዓት ነው» የሚለኝ ሰው ካለ አስቀድሞ እስከ መጨረሻው ያዳምጠኝና ከዚያ ይናገር።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የቀርከሃ ሽታ ነው። ባለፈው ሰሞን እንጅባራ፣ ልጄ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ጎረቤቷ እርጥብ ቀርከሃ ይሰነጥቅ ነበር። እርጥብ ቀርከሃ ሲሰነጠቅ እንደ በቆሎ አገዳ ጣፈጥ የሚል ሽታ አለው። ሌላው ሰው ይወደዋል። እኔ ግን አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

በዚያው ሰዓት ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጄና ጓደኛዋ ከስልክ ላይ ስብከት እየሰሙ ይከራከሩ ነበር። ሰባኪው ዘመኑ አልቋል፣ የተመረጡት ተቆጥረው አልቀዋል እያለ ይጮኻል።

«መቶ አርባ አራት ሺህ ብቻ ናቸው እኮ!» አለች ጓደኛዋ።

«ለዓለም ሁሉ? እንግዲያ ለእንጅባራ የሚደርሳት አንድ ሚኒባስ አይሞላም» አለች የልጅ ልጄ። ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና «እማማ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ? የተመረጡት እነማን ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ ከሦስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ይህን ጥያቄ ግን ከእነሱ በፊት ብዙ ዘመን ተሸክሜዋለሁ።

ያኔ ዐሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቤታችን ጥርባ ሐይቅ አጠገብ ነበር። ዝናብ ሲገባ ከሐይቁ የሚነሣው ጉም በር አልፎ ምድጃው ድረስ ይመጣና እሳቱ ራሱ የሚበርደው ይመስላል። በዚያ ዓመት፣ ሰኔ ሲብት፣ አንድ ባህታዊ መጣ። ቢጫ ለብሷል፣ ጠጉሩ ተጠቅልሎ ትከሻው ላይ ወድቋል፣ እግሩ በጭቃ ተሰነጣጥቋል። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ካለው ዝግባ ሥር ተቀመጠና «ስምንተኛው ሺህ ገብቷል! በጉና ፍየሉ ሊለይ ነው! በቀኝ የሚቆሙት ታትመዋል፣ የቀራችሁ ወዮላችሁ!» ይል ጀመር። ድምፁ ወፍራም ነበር። ጠብታ ከዝግባው ላይ ጠብ ጠብ ሲል እስካሁን ይሰማኛል።

አባቴ በነገር ማሾፍ ይወድ ነበርና «አባ፣ ታዲያ የድንቹን ዘር ልትከለው ወይስ ልብላው?» አለው።

«ትከለው። የሚቆፍረው ግን አይገኝም» አለ ባህታዊው።

ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ።

የደብሩ ቄስ ወጣት ነበሩ። ከወዲያ ከደጋ ዳሞት የመጡ፣ የተማሩ፣ ቁጡ ሰው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከባህታዊው ጋር በሰው ፊት ይከራከራሉ። መጀመሪያ «እርስዎ» ይባባሉ ነበር። በሦስተኛው እሑድ «አንተ» ላይ ደረሱ።

«ቀኑን እግዜር ለማንም አልነገረም። ለአንተ ብቻ በምን ተላከልህ?»

«አንተ የደብርህን መሬት ትቆጥራለህ፣ እኔ ነፍስ እቆጥራለሁ!»

«ነፍስ ቆጣሪ ብሎ ማን ሾመህ?»

እኛ ልጆች አንዱ ሲናገር ለአንዱ፣ ሌላው ሲናገር ለሌላው ስናጨበጭብ እንውል ነበር። ማን እውነት እንደተናገረ አናውቅም። አዋቂዎቹም ያወቁ አይመስለኝም። ምክንያቱም በቀን ቄሱን ሲደግፉ የዋሉ ሴቶች በማግስቱ ጨቅላ ልጃቸውን አዝለው «ዓለም ሳያልፍ ያጥምቁልን» እያሉ በቄሱ ደጅ ይቆሙ ነበር። ቄሱም እየተቆጡ ይመልሷቸዋል። «ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ! ለማንም ወሬ ብዬ ቀን አልሰብርም!» የታመመ ሕፃን ግን ቀኑን ሳይጠብቅ ይጠመቃል። ይህን ሥርዓቱ ራሱ ይፈቅዳል፣ ማንም ያውቀዋል።

የእኛ መንታዎች የተወለዱት በግንቦት መጀመሪያ ነው። ቀድማ የወጣችው እሷ ናት፤ እሱ ተከትሏት መጣ። አርባ ሲሞላ እሱን ክርስትና አባቱ ነጭ በነጭ አልብሶ ወሰደው። ሕፃኑ ማተብ አስሮ፣ ስም አግኝቶ ተመለሰ። እናቴ ሴት ልጅም ወልዳለችና ሰማንያዋ እስኪሞላ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። በቤታችን በር ላይ ቆማ ሸኘችው። እኔም «ቀድማ የመጣችው እሷ ሆና እንዴት እሱ ይቀድማል?» ብዬ ጠየቅሁ። «ሴት ናታ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የጠየቅሁት ሁሉ በዚችው ቃል ተመለሰልኝ።

በስልሳ ሦስተኛው ቀን ትንሿ ጡት እምቢ አለች። ከንፈሯ ጠቆረ፣ ማልቀስም ተወች። አባቴ ገበያ ሄዷል። እናቴ በአገውኛ «ሂጂ፣ ቄሱ ጋ ሩጪ። ታማለች በያቸው። ሌላ ነገር አትጨምሪ» አለችኝ።

ሮጥኩ። የገብሱ ማሳ ውኃ አቁሯል፣ ጭቃው ሁለት ጊዜ ጣለኝ። ቄሱ ከቤታቸው ጣሪያ ሥር ተቀምጠው ቀርከሃ ይሰነጥቁ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ዝናብ ጥሎት ሊያቆሙት ነው። ሽታው ግቢውን ሞልቶታል። ትንፋሼ ተቆርጧል፣ ሳምንታት ሙሉ የሰማሁት የባህታዊው ጩኸትም ጭንቅላቴ ውስጥ አለ። ከአፌ የወጣውን በሙሉ አላስታውሰውም። «ዓለም ሳያልፍ» ማለቴን ግን አስታውሳለሁ።

ቄሱ ቀና ሳይሉ «አንቺ ደግሞ ስንተኛዋ ነሽ! ስንት ቀኗ ነው?» አሉኝ።

«ስልሳ ሦስት።»

«ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ አይደል? ከሰማንያ ስልሳ ሦስት ሲቀነስ?»

«ዐሥራ ሰባት።»

«ጎበዝ! እንግዲያ በዐሥራ ሰባት ቀን አምጧት።»

መናገሩ ያሳፍረኛል፣ ግን እውነቱ ይነገር፦ «ጎበዝ» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የማስታውሰው ይህን ደስታ ነው። ከዚያ በኋላ ቤት እስክደርስ ያለው ሁሉ ከትዝታዬ ጠፍቷል።

«ነገርሻቸው?» አለችኝ እናቴ።

«ነገርኳቸው። በዐሥራ ሰባት ቀን አምጧት አሉ።»

በማግስቱ ጧት እናቴ ልትቀሰቅሳት ስትነካት ቀዝቅዛለች። አባቴ ከጓሮ ቀርከሃ ቆርጦ፣ ሰንጥቆ፣ እንደ ሌማት ያለ ነገር አበጀላትና በእሱ ይዟት ሄደ። ክርስትና ያልተነሣ ከአጥሩ ውስጥ አይገባም ተባለ። አዲስ ከቆመው አጥር ሁለት ክንድ ርቃ፣ ስም ሳይኖራት፣ ተቀበረች።

እሑድ ባህታዊው ከዝግባው ሥር ተነሥቶ «አልነገርኳችሁም? እነሆ ያልታተመች ነፍስ! ቄሳችሁ ከበር መለሳት!» እያለ ጮኸ። ሕዝቡ ወደ ቄሱ ዞረ። ቄሱ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«ይህች ልጅ ታማለች አላለችኝም። ያንተን ስምንተኛ ሺህ ነው ያወራችልኝ። ሕፃኗን ያሳጣን ያንተ ወሬ ነው!»

ያ ሁሉ ሕዝብ እኔን ያይ ጀመር። አባቴ ጎንበስ ብሎ «እውነት ነው? አላልሻቸውም?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በእውነት አላወቅሁም። አንዳንድ ቀን ስነሣ ብያለሁ እላለሁ። ምሳ ሳይደርስ አላልኩም እላለሁ። ሰው የገዛ አፉን ካላመነ ምን ያምናል?

ዓለም አላለፈችም። ባህታዊው መስከረም ሳይጠባ ሄደ፣ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። አባቴ የድንቹን ዘር ግማሹን ተክሎ ግማሹን በልቶ ስለነበር «ለሁለቱም አድልቼ ሁለቱም አጎደሉብኝ» ይል ነበር። እናቴ ሰማንያዋ ሲሞላ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ከአጥሩ ውጭ፣ ከዚያች አፈር አጠገብ ስትደርስ ቆመች። እስከ ዕለተ ሞቷ እዚያው ቆማ ነው ያስቀደሰችው። «ግቢ እንጂ፣ ዝናብ ነው» ሲሏት «ብቻዋን አልተዋትም» ትላለች። እኔን አንድ ቀን አልወቀሰችኝም። «አንቺ አላጠፋሽም» ብላም አታውቅም። የትኛው እንደከበደኝ መለየት አልችልም።

ወንድሜ ዛሬ ሽማግሌ ነው፣ ፈረስ ያረባል። እኔ ስናደድ ይሰማኛል እንጂ አይከራከረኝም። «እኔ ተመርጬ አይደለም እኮ፣ ወንድ ሆኜ ነው» አለኝ አንድ ጊዜ።

እናም የልጅ ልጄ ያን ጥያቄ ስትጠይቀኝ «ተነሺ፣ የሚመልስልሽ ሰው ጋ እንሂድ» አልኳት። ቄሱ በሕይወት አሉ። ዓይናቸው ጠፍቶ አዲስ ቅዳም ከተማ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። በሚኒባስ ሄደን፣ ከመናኸሪያው ባጃጅ ይዘን፣ ከሰል የተከመረበትን መንገድ አልፈን ደረስን። በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘናቸው። መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

«ድምፅሽ ያገሬ ነው። የማን ልጅ ነሽ?»

«የጥርባዎቹ መንታዎች እኅት ነኝ አባ።»

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። የልጅ ልጄ ክንዴን ያዘችኝ።

«አባ፣ የተመረጡት እነማን ናቸው? እኅቴ በዚያች ቀን የት ትቆማለች?»

«ያኔ ብትጠይቂኝ አውቅ ነበር። ዛሬ አላውቅም። እኔ ራሴ የት እንደምቆም ነው የሚያስጨንቀኝ።»

«ይህ መልስ አይደለም።»

«አይደለም ልጄ።»

«እንግዲያ የሚያውቁትን ልጠይቅዎት። ያን ቀን ታማለች ብዬዎት ነበር ወይስ አላልኩም?»

መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። «እውነቱን ብናገር ያ ሁሉ ሕዝብ ባህታዊውን ተከትሎ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ» አሉ። «አንቺ ልጅ ነሽ፣ ትረሺዋለሽ ብዬ ነበር።»

«ብዬ ነበር አባ?»

«ብለሻል። ሁለት ጊዜ ብለሻል። መጀመሪያ እንደመጣሽ አልሽ። ሂጂ ካልኩሽ በኋላም ከበሩ ተመልሰሽ፣ እያለቀስሽ፣ ደግመሽ አልሽኝ።»