ፌርፋክስ ላይ ሽማግሌ የተቀመጠላት ጎል

ባለፈው እሁድ ከሰዓት... የምሳ ግርግር በረድ ሲል እግሬን ላሳርፍ ብዬ ቁጭ ከማለቴ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የምሠራበትን የሐበሻ ሬስቶራንት የሸበቱ ፈረንጆች ሞሉት። መሃላቸው ደግሞ አንድ ትልቅ ዋንጫ!

ድሮ ቫን ናይስ በሚባል ሰፈር የበረዶ ላይ ሆኪ ቡድን ነበራቸው አሉ። ቀን ቧንቧ ሲጠግኑና መኪና ሲቀቡ ይውሉና ማታ በረዶ ላይ ሲላተሙ ያመሻሉ። አንድ ዓመት የአማተሮችን ዋንጫ በሉ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሲገናኙ ይሄ የመጀመሪያቸው ነው።

ተገናኙ ስላችሁ... ሪክና ቦብ ግን ጥግና ጥግ ተቀምጠዋል! የፍጻሜውን ጨዋታ ጎል ሁለቱም «እኔ ነኝ ያገባሁት» እንዳሉ፣ በሷው ተኳርፈው አርጅተዋል። ትሪው ሲቀርብ ሪክ «ከሱ ጋር ከአንድ ሰሃን አልበላም» ብሎ ኮቱን አነሳ። ዋንጫውን ያመጣው ሰውዬ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ለሬስቶራንቱ ባለቤት ለእትዬ አስካለ ብነግራቸው ተቆጡ። «ከኔ ቤት ተጣልቶ የሚወጣ የለም! ጋሼ ሙሉጌታን ጥሪያቸው!»

ጋሼ ሙሉጌታ ጡረታ የወጡ ባለታክሲ ናቸው፤ በሰፈሩ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። በሩ ጋ ካለው ጠረጴዛ ክትፏቸውን ትተው፣ እጃቸውን ታጥበው መጡ። ሆኪ የሚባል ነገር በዓይናቸው አይተው አያውቁም!

«ሶ ኳሷ ትልቅ ናት?» አሉኝ።

«ኳስ አይደለችም ጋሼ፣ ጠፍጣፋ ጎማ ናት።»

«ኦኬ፣ ጎማም ትሁን። ሽምግልናው ያው ነው።»

ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጠው በዚያ በታክሲ እንግሊዝኛቸው «የራሳችሁን አትንገሩኝ! ሪክ የቦብን፣ ቦብ የሪክን ይንገረኝ» አሏቸው።

ሪክ አንገቱን ደፍቶ «እሱ ሰው አልፎ ባያመጣት እኔ ጋ አትደርስም ነበር» አለ። ቦብ ደግሞ «እሱ ወድቆም በዱላው ባይነካት አትገባም ነበር» ብሎ ዓይኑን ጠረገ። እኔም አለቀስኩ። ለጎማ!

እትዬ አስካለ «በሉ ተጎራረሱ!» ሲሉ ሪክ ለቦብ ያጎረሰው ጉርሻ ጡጫ ያክል ነበር። ቤቱ በእልልታና በጭብጨባ ተናጋ። ደስታችን ግን አልቆየም... ቦብ ጉርሻውን እንደዋጠ «ጎሏ ያንተ ናት» አለ።

«የለም፣ ያንተ ናት!» ሪክ ጠረጴዛውን መታ።

«ያንተ ናት አልኩህ!» ቦብ ብድግ አለ።

ደንግጬ ወደ ጋሼ ብሮጥ ወደ ክትፏቸው ተመልሰዋል። ቀና ሳይሉ «ተያቸው ልጄ» አሉኝ፤ «ይሄኛውን ጠብ ማስታረቅ ኃጢአት ነው።»