የጋሼ ሄልሙት ቡድን እንዳይወርድ

በዚያ ቅዳሜ፣ ሆሳዕና ከተማ ባለው ቤታችን ውስጥ የነበርነው አባቴ፣ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ማርቆስ፣ እኔ፣ በጀርባዬ ያዘልኳት ትንሿ እህቴ፣ ከአንጋጫ መጥቶ ጎረቤታችን የሆነው መምህር ሉቃስ፣ ከምሥራቅ ጀርመን የመጣው የትራክተር መካኒክ ጋሼ ሄልሙት፣ እንዲሁም ዝናቡን ሸሽታ የገባችው ጥጃችን ነበርን።

ይህን ያስታወሰኝ የሰሞኑ ነጎድጓድ ነው። ልጄ በቴሌቪዥን የጀርመን ኳስ እያየ ሳለ ሰማዩ ሲያጉረመርም ሮጬ ሶኬቱን ነቀልኩት። «እማዬ! ሊያልቅ ሲል?» ብሎ ጮኸብኝ። በመስኮት የገባው የእርጥብ አፈር ሽታ ግን እኔን ወደ እናቴ ቤት ወስዶኝ ነበር።

በደርግ ጊዜ አባቴ የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ጠባቂ ነበር። ማኅበሩ ትራክተሮቹን ሊጠግን የመጣውን ጋሼ ሄልሙትን ጓሯችን ባለችው ክፍል ሲያሳርፍብን እናቴ እንቅልፍ አጣች። ጸሎት ቤታችን ተዘግቶ ስለነበር የምንጸልየው በር ዘግተን፣ በሹክሹክታ ነው። ከሶሻሊስት ሀገር የመጣ ሰው ቢሰማንና ቢያወራ የአባቴ ሥራ ምን ይሆናል? ስለዚህ እሱ ከማዕድ ካለ ጸሎት የለም፤ በሆዳችን «ተመስገን» ብለን እጃችንን እንሰዳለን። እሱም ከመጉረሱ በፊት አንገቱን ደፍቶ ሳህኑን ትንሽ ይመለከት ነበር። እናቴ ፀጉር የሚፈልግ ስለመሰላት ከዚያ ወዲህ ሻሿን ግንባሯ እስኪያማት አጥብቃ ማሰር ጀመረች።

ቅዳሜ ወደ ማምሻው ጋሼ ሄልሙት ሬዲዮኑን ይዞ እኛ ዘንድ ይመጣል። ማርቆስ ባሕር ዛፉ ጫፍ ላይ ሽቦ አስሮለት ስለነበር ድምፁ ደህና የሚሰማው በእኛ ቤት ነው፤ ደህና ማለቴ እንደ ድስት እየተንጣጣ፣ እያፏጨ። በሀገሩ ትልቁ ሊግ ውስጥ የምትጫወት የትውልድ ከተማው ቡድን አለችው። ከተማዋ ትንሽ፣ ቡድኗም ደካማ ስለሆነች በዚያ ዓመት ወደ ታችኛው ሊግ ልትወርድ ጫፍ ላይ ነበረች። መምህር ሉቃስ በእንግሊዝኛ እየጠየቀ እንደነገረን ከሆነ፣ የጋሼ ሄልሙት አባት አልጋ ላይ የዋሉ አዛውንት ናቸው፤ እሳቸውም በዚያችው ሰዓት በራሳቸው ሬዲዮ ያንኑ ጨዋታ ያዳምጣሉ። አባትና ልጅ አብረው የሚቀመጡት በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር። ይህን ከሰማች በኋላ እናቴ ስለ ቡድኗ የምትጠይቀው ስለ በሽተኛ እንደሚጠየቀው ነው፤ «ዛሬስ እንዴት ዋለች?» ትላለች።

ያ ቅዳሜ የመጨረሻው ጨዋታ ነበር፤ ግንቦት ሊያልቅ ሲል። እኩል መውጣት ይበቃል ተባለ። እናቴ በቡላና በቅቤ የሚሠራውን የበዓል ምግባችንን፣ አተካናን፣ ያለቀኑ ሠርታ ቤቱ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ሰማዩ ተሰነጠቀ።

«ሽቦውን ንቀሉ!» አለች እናቴ።

«እትዬ፣ ትንሽ ይታገሱ፤ እኩል ናቸው» አለ መምህር ሉቃስ።

«መብረቅ እኩል ናቸው ብሎ ያልፈናል? ቤት ሙሉ ልጅ አለኝ!» ብላ ራሷ መንጭቃ ነቀለችው።

ሬዲዮኑ ዝም አለ። ጋሼ ሄልሙት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቆርቆሮው ላይ በረዶ ይወርዳል። እናቴ እሱን ስታይ አንጀቷ አልቻለም መሰለኝ፣ ብድግ ብላ በሃዲይኛ፣ ከዝናቡ በላይ በሚሰማ ድምፅ ጸለየች፤ ጌታ ሆይ፣ የዚህን የሰው ልጅ ቡድን አታውርድበት፣ አባቱም በሽተኛ ናቸው፣ በኢየሱስ ስም። «አሜን» ለማለት ሁላችንም ፈርተን ስንተያይ፣ ከሁላችን ቀድሞ፣ ጮክ ብሎ «አሜን» ያለው ጋሼ ሄልሙት ነው።

አባቴ ክው አለ። መምህር ሉቃስ ግን ከሰውየው ጋር ጥቂት ተነጋግሮ መሳቅ ጀመረ። «እሱም አማኝ ነው። ምግብ ሲቀርብ የሚጸልየው ሳህኑን እያየ ነው። እናንተ ትናገሩብኛላችሁ ብሎ ፈርቶ ነው!»

«እኔ ደግሞ ሻሽ ሳጠብቅ ከረምኩ!» አለች እናቴ፤ ሻሿን ፈትታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ነጎድጓዱ ወደ ጃጁራ ሲርቅ ሽቦውን የመለሰችው እሷው ናት። እኩል ወጥተዋል፤ አልወረደችም። ጋሼ ሄልሙት እጇን ሊስም ሲል እናቴ ደንግጣ ከነጠላዋ ሥር ደበቀችው። ከዚያም አተካናው ከመበላቱ በፊት፣ በዚያ ማዕድ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አባቴ ድምፁን አውጥቶ ጸለየ።

ጋሼ ሄልሙት ክረምቱ ሳይገባ አባቱ ሕመሙ ጠንቶባቸዋል ተብሎ ተሳፈረ። ዛሬ አባቴም እናቴም የሉም፤ ባሕር ዛፉም ተቆርጧል። ጸሎቱ አሁን በድምፅ ማጉያ ነው፤ ለማያውቁት አዛውንት ቡድን ብሎ የሚቆም ሰው ግን እንጃ። ሶኬቱን መልሼ ይህን ሁሉ ለልጄ ስነግረው፣ «እማዬ፣ ያ ሊግ እኮ አሁን የለም፤ ሀገሩም የለም፤ ከሌላኛው ጀርመን ጋር አንድ ሆኗል» አለኝ። ሀገር እንዲህ ሲጠፋ እኔ ሳልሰማ መቅረቴ ገረመኝ።

በዚያ ዘመን ሆሳዕና ትራክተር ይጠግን የነበረውን ሄልሙትን የምታውቁ ካላችሁ፣ ወሬውን ንገሩኝ። አባቱ በሕይወት ሳሉ ደርሶ እንደሆነም ጠይቁልኝ።